ድንጋይም ይነበባል

በዓባይ ሸለቆ ዳር፣ በመቐለ ዙሪያ ወይም በሐረርጌ የምትኖሩ ገበሬዎች የኖራ ድንጋይን ታውቁታላችሁ። ይህን ድንጋይ ስትፈልጡ፣ ወይም ዝናብ ያጠበውን ገደል ስታልፉ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠመጠመ ድንጋይ አይታችሁ ይሆናል። አንዳንዱ ከሳንቲም አይበልጥም። አንዳንዱ እንደ ሳህን የሰፋ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል። ግንበኛም ሰብሮ ለካብ ያውለዋል።

ይህን ድንጋይ ግን ሰው አልጠረበውም። በሕይወት የነበረ እንስሳ ቅሪት ነው። ስሙ አሞናይት ይባላል።

ለመሆኑ አሞናይት ምንድን ነው?

አሞናይት የባሕር እንስሳ ነበር። ቅርፊቱ የቀንድ አውጣን ይመስላል፤ ግን አንድ አይደሉም። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጡ ክፍት ነው። የአሞናይት ቅርፊት ግን በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። እንስሳው ሲያድግ ቤቱ ይጠበዋል። ያን ጊዜ ወደ ፊት ይወጣና ከኋላው ግድግዳ ይሠራል። የሚኖረው በመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። የኋላዎቹ ክፍሎች አየር ስለሚይዙ በውሃ ውስጥ እንደ ቅል ያንሳፍፉታል። የአሞናይት ዘር ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምድር ጠፍቷል።

ታዲያ የባሕር እንስሳ ደጋ ላይ እንዴት ወጣ?

እንስሳው አልወጣም። ባሕሩ ነው እዚህ የነበረው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የአገራችን ሰፊ ክፍል በባሕር ተሸፍኖ ነበር። እንስሳቱ ሲሞቱ ወደ ታች ሰመጡ፤ ደለልም ሸፈናቸው። ደለሉ እየተደራረበ ደነደነና የኖራ ድንጋይ ሆነ። ቅርፊቱም በውስጡ እንዳለ ድንጋይ ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር ቅሪተ አካል ይባላል።

ኋላ ባሕሩ ሸሸ፤ መሬቱም ከፍ አለ። ከምድር ሆድ የወጣ የቀለጠ ድንጋይም ከላይ ሸፈነው። ዓባይ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰንጥቆ አሳየን። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ በመጀመሪያ ጥቁሩን ድንጋይ ታያላችሁ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶ፣ ከታች እንደገና የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። የታችኛው የቀደመ ነው፤ የላይኛው የኋላ ነው።

አሞናይት ምን ይጠቅማል?

መሬት ስትቆፍሩ የአፄ ምኒልክ ብር ብታገኙ፣ ያ አፈር በየትኛው ዘመን እንደተቆለለ ትገምታላችሁ። አሞናይትም እንደዚሁ ነው። መልኩ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ስለነበር እያንዳንዱ ዘመን የራሱ አሞናይት አለው። በባሕር ርቆ ይሄድ ስለነበርም አንዱ ዓይነት በብዙ አገር ይገኛል። የጀርመን አገር ሊቃውንት የኢትዮጵያን አሞናይቶች ከራሳቸው አገር አሞናይቶች ጋር አነጻጽረዋል።

የንብርብሩ ዕድሜ ከታወቀ፣ የሲሚንቶ ድንጋይ፣ ጋዝ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ የት እንደሚፈለግ ለማወቅ ይረዳል።

ይህን ዘዴ ለዓለም ካሳዩት አንዱ ዊልያም ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። አባቱ የገጠር አንጥረኛ ነበር። ስሚዝ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ቦይ ሲቆፈር ድንጋዩን እየተመለከተ፣ እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ ቅሪተ አካል እንዳለው አስተዋለ። ያየውን ሁሉ ከነቦታው ጻፈ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1815 የአገሩን የድንጋይ ካርታ አሳተመ።

ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

ቦታው ያልተጻፈለት አሞናይት ዲዳ ነው። ከየትኛው ገደል፣ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ካልታወቀ ለጥናት ብዙ አይረዳም። ስለዚህ፦

1. ገደል ሥር አትቆፍሩ። ድንጋይ ተንዶ ሰው ይገድላል። የወደቀውንና ጎርፍ ያወጣውን ተመልከቱ።

2. በዶማ አትምቱት፤ በቢላዋም አትፋቁት። በቅርፊቱ ላይ ያሉት የተጠማዘዙ መስመሮች ዓይነቱ የሚለይባቸው ናቸው።

3. ወረቀት አውጡና ጻፉ፦ የቀበሌውን ስም፣ የቦታውን ስም፣ ቀኑን፣ የድንጋዩን ቀለም፣ ከላይና ከታች ያለውን ድንጋይ፣ የአግኚውንም ስም። ከገደሉ ወድቆ ከተገኘም «ወድቆ የተገኘ» ብላችሁ ጻፉ።

4. ከአለቱ ጋር ከተያያዘ አትንቀሉት። ምልክት አድርጉና ለትምህርት ቤቱ መምህር ወይም ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ንገሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛል።

5. በመንገድ ለሚያልፍ ነጋዴ አትሽጡት። ጥቂት ብር ታገኙ ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን ከነታሪኩ ይጠፋል።

በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ የትግራይን የኖራ ድንጋይ አጥንቶ በሕንጣሎ ስም «አንታሎ» ብሎ ጻፈው። ዛሬም በዓለም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። በዚያ ድንጋይ ላይ ያርሱና ከብት ያግዱ የነበሩት አባቶቻችን ከብላንፎርድ አስቀድመው አይተውት ነበር። የጻፈው ግን እሱ ነው። እንግዲህ እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል፤ እርሳሱም በእጃችሁ ነው። ያያችሁትን ጻፉ!

እስቲ መልሱ፦

ሀ. የቀንድ አውጣና የአሞናይት ቅርፊት በምን ይለያያሉ?

ለ. በገደል ላይ የቀደመው ንብርብር የትኛው ነው?

ሐ. በሰፈራችሁ የኖራ ድንጋይ ካለ፣ ከላይና ከታች ምን ዓይነት ድንጋይ አለ? ጽፋችሁ ለጎረቤት አንብቡለት።