ከግድግዳ ማዶ የሚሰማው ቤዝ

ጥር በደብረ ታቦር የሰርግ ወር ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ሌሊት፣ ሁለት ሰፈር ማዶ ከተጣለ ዳስ የሚነሣው ሙዚቃ መኝታችን ድረስ ይመጣል። ይሁንና የሚመጣው ሙዚቃው ሁሉ አይደለም። የዘፋኙ ቃል አይለይም፤ የኪቦርዱም የሳክስፎኑም ድምፅ መንገድ ላይ ቀርቷል። ግድግዳውን አልፎ የሚገባው «ዱም... ዱም ዱም» የሚለው ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። ባለፈው ጥር በእንዲህ ያለ ሌሊት እንቅልፍ አጥተን ስናዳምጥ አንድ ነገር አስገረመን፤ ቃሉም ዜማውም ሳይሰማን ዘፈኑ የትኛው እንደሆነ አወቅነው። የነገረን ቤዙ ነበር።

በማግስቱ ያንኑ ዘፈን ከእጅ ስልክ ከፍተን ሰማነው። ይህች የጥፍር ያህል ድምፅ ማጉያ ያን ወፍራም ድምፅ ልታወጣው እንደማትችል በፊዚክስ ክፍል የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ቤዙ ይሰማል። ታዲያ በሌሊት ከቤዝ በቀር ሌላው ለምን ጠፋ? በጠዋትስ የሌለው ቤዝ እንዴት ተሰማን? የዚህ ጽሑፍ ነገር እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

እንደሚታወቀው ድምፅ የአየር እርግብግቢት ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚደረገው የእርግብግቢት ቁጥር ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። ባለአራት አውታሩ ቤዝ ጊታር ሳይነካኩ ሲመታ ወፍራሙ አውታር 41፣ ተከታዮቹ 55፣ 73 እና 98 ኸርዝ ያህል ይሰጣሉ። ይህም የተለመደው ጊታር ተጓዳኝ አውታሮች ከሚሰጡት በትክክል እኩሌታው ነው። ድግግሞሹን በእኩሌታ ለማውረድ አውታሩን ማላላት አያዋጣም፤ ውጥረቱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ይረግባል። ስለዚህ አውታሩ ይረዝማል፣ ላዩ ላይም ሽቦ እየተጠመጠመበት ይከብዳል። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር የአውታሩ ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ቆመው የሚጫወቱት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ኮንትራባስ ነበር፤ በጭፈራ ቤት ጫጫታም በቀላሉ ይዋጥ ነበር።

የ41 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። የ5,000 ኸርዝ ድምፅ ግን 7 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ረጅሙ ሞገድ ቤትን፣ አጥርንና ዛፍን ዞሮ ያልፋል፤ አጭሩ ከኋላቸው ጥላ ጥሎ ይቀራል። ግድግዳም ቢሆን በዝግታ ሲገፉት አብሮ ይርገበገባል፣ በፍጥነት ሲገፉት ግን ክብደቱ ይይዘዋል። በመሆኑም ድግግሞሹ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ግድግዳው የሚያስቀረው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። አየሩ ራሱም የበኩሉን ይወስዳል። 125 ኸርዝ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አየር የሚውጠው ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ሲሆን፣ ከ8,000 ኸርዝ ድምፅ ግን በዚያው ርቀት ከ50 ዴሲቤል በላይ ይወስዳል። የቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ ቅርብ የቆመ ሰው ጆሮውን የሚይዝበት ስል ድምፅ ሸለቆ ተሻግሮ ሲሰማ የሚደንዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ነሐሴ 13 ቀን ለደብረ ታቦር በዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ መንገደኛም አስቀድሞ የሚሰማው የከበሮውን ሰፊ ፊት እንጂ የመዘምራኑን ቃል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ብናርም መልካም ነው። «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ዝግ ብሎ ይጓዛል» ሲባል እንሰማለን። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ወለል ካለው ከሦስት አራተኛ በጥቂቱ ያንሳል። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ግን ግፊቱ ሳይሆን የአየሩ ሙቀት ነው። በጥር ሌሊት የሚሆነውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደመና በሌለበት መሬቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይሆናል። ከላይ ያለው ድምፅ ከታችኛው ፈጥኖ ስለሚጓዝ ሞገዱ ወደ መሬት ይታጠፋል። በቀን ወደ ሰማይ ይበተን የነበረው የሰርግ ሙዚቃ በሌሊት ተመልሶ እንቅልፍ ባጣን በእኛ ላይ ይወርዳል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ይህን ያህል ካልን፣ ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ደንቆሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። 40 ኸርዝ ድምፅ ገና መሰማት እንዲጀምር፣ ከ1,000 ኸርዝ ድምፅ ይልቅ በ50 ዴሲቤል ያህል መበርታት አለበት፤ በኃይል ሲሰላ 100,000 እጥፍ መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ የዘፈን ሁሉ መሠረት በዚያ ላይ ይጣላል።

የአገራችንን ዘመናዊ ሙዚቃ እናስታውስ። «ሙዚቃዊ ስልት» ግርማ በየነ የደረሰው፣ ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቼ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ የተጫወተው ሥራ ነው። ዘፋኝ የለውም። ኦርጋኑና ነፋሾቹ ከላይ ሲመላለሱ ከሥር የመላከ ገብሬ ቤዝ አንዱን ሐረግ እየደጋገመ ይይዛቸዋል፤ ሮክና ፈንክ ከአገራችን ቅኝት ጋር የተገናኙበት ሥራ ነው ብንል አንሳሳትም። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ሲሆን ቤዙን የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነበር። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ፣ በግልጽ «ሮክ ነን» ብሎ የመጣው ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን «ኤርታሌ» የተሰኘ አልበም ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው። እነዚህን ሥራዎች የሚወድ ሰው የዘፋኞቹን ስም በቃሉ ያውቃል። መላከ ገብሬንና ጆቫኒ ሪኮን የሚያውቅ ግን በየክፍላችን ብንጠይቅ ጥቂት ነው። የካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ እንጂ የባለቤዙ አይወጣም ነበር።

ከዚህም በላይ፣ በደጋው አገር እነዚህ ዘፈኖች ለብዙ ሰው የደረሱት በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ትንሽ ሬዲዮና ቴፕ ነው። ሸክላው ራሱ ወፍራም ድምፅን እንዳለ አይሸከምም። ቤዙ ጎድጓዳውን መስመር በጣም ስለሚያወዛውዘው ሲቀረጽ ይቀነሳል፣ ሲጫወት ተመልሶ ይጨመራል። የቴፑ ድምፅ ማጉያ ደግሞ የጨመሩለትን አየር የሚገፋበት ስፋት የለውም። ታዲያ ያ አድማጭ ቤዙን ሳይሰማ ነውን ያደገው?

አልነበረም። አንድ አውታር ሲመታ የሚርገበገበው በአንድ ድግግሞሽ ብቻ አይደለም። 55 ኸርዝ የሚሰጠው አውታር 110፣ 165፣ 220 እያለ የ55 ብዜቶችን ሁሉ በየመጠናቸው ይሰጣል፤ እነዚህ ሃርሞኒክ ይባላሉ። ከ300 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ ቢቆረጥ 330፣ 385፣ 440 እና 495 ይቀራሉ። የእነዚህን ቁጥሮች ትልቁን የጋራ አካፋይ ፈልጉ ብንባል መልሱ 55 ነው። አእምሯችን የሚያደርገውም ይህንኑ የሚመስል ሥራ ነው። ከቀሩት ተነሥቶ የጠፋውን መሠረት ያገኝና እንደ ሰማው ሁሉ ይነግረናል። ነገሩን ጀርመናዊው አውጉስት ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሳይረን ሙከራ አስተውሎት ከሌላው ታላቅ ሊቅ ከኦም ጋር ተከራክሮበታል። የዕለት ተዕለት ማስረጃውም ቅርብ ነው፤ የቀድሞው የሽቦ ስልክ ከ300 ኸርዝ በታች አያሳልፍም ነበር፤ የወንድ ድምፅ መሠረት ደግሞ በ100 ኸርዝ አካባቢ ነው። ቢሆንም አባቱን በስልክ ያነጋገረ ሰው «ድምፅህ ቀጠነብኝ» አላለም።

ይህን ምስጢር ከኤሌክትሪክ በፊት የሠሩበት የእኛው የበገና ባለሙያዎች ናቸው። ከበሮ ወፍራም ድምፅ ቢሰጥም ቆዳው የሚሰጣቸው ድግግሞሾች የአንድ ቁጥር ብዜቶች ስላልሆኑ የጠራ ዜማ አያወጣም። በገና ግን አሥር አውታሮች አሉት፤ ከበግ አንጀት የተፈተሉ፣ ረጃጅምና ልል ናቸው። እንዲህ ያለ አውታር ብቻውን ቢመታ የእንጨቱ ገበቴ ወፍራሙን ድምፅ ወደ አየር ለማውጣት አይበቃምና ድምፁ ደካማ ይሆናል። ስለዚህ በየአውታሩና በተቀመጠበት እንጨት መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይደረጋል። አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር ቆዳውን ነካ ለቀቅ እያደረገ «ዝዝ» ይላል። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሚሰማን ያ ንዝረት ጌጥ ብቻ አይደለም። ብዙ ሃርሞኒኮችን ይወልዳል፣ ሃርሞኒኮቹም በቀላሉ ወደ አየር ይወጣሉ፣ ጆሯችንም ከእነሱ ተነሥቶ ጥልቁን ድምፅ ይሰማል። ደርዳሪው ከመቃኘቱ ባልተናነሰ ቆዳዎቹን ወደፊትና ወደኋላ እያስጠጋ ሲደክም ለሚያይ ሰው ነገሩ ልማድ ብቻ ይመስለው ይሆናል። ቆዳውን ያወጣ እንደሆነ ግን በገናው ወዲያው ይታፈናል።

የሮክ ሙዚቀኞች በሌላ መንገድ ሄደው እዚያው ደረሱ። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ዘፈናቸው ላይ የቤዙን ድምፅ የሞገዱን ጫፍ በሚቆርጥ መሣሪያ አሳልፈው እንዲሻክር አደረጉት፤ ሞገድ ጫፉ ሲቆረጥ ሃርሞኒኩ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 በነጠላ የወጣውና የስፖርት ሜዳዎች ሁሉ የሚዘምሩት የዋይት ስትራይፕስ «ሰቨን ኔሽን አርሚ» ደግሞ በቤዝ የሚመራ ዘፈን መስሎ ሳለ ቤዝ ጊታር የለበትም። ጊታር በፔዳል ድግግሞሹ በእኩሌታ ወርዶ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ የነበሩት ባንድ ባለቤዝ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ካሰላን በኋላ ሞንታርቦ የሚያከራየውን ወጣት አግኝተን ብንነግረው በትዕግሥት አዳመጠን። ሰዎች «ቤዙን ጨምር» ሲሉት የወፍራሙን ቁልፍ እስከ መጨረሻ እንደሚያዞረውና ዳሱ ውስጥ ያሉት ጭቃ የመሰለ ድምፅ ብቻ እንደሚሰሙ እሱም አስተውሎታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰርግ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቀንሶ ከ200 እስከ 800 ያለውን ትንሽ ከፍ አደረገው። የቤዙ ሐረግ ጣት በጣት ተለይቶ ወጣ፤ ከዳሱ ጀርባ ያለው ቤት ቆርቆሮም መንቀጥቀጡን አቆመ። እኛም ደስ ብሎን ጠላችንን ይዘን ሳለ የሙሽራው አጎት ወደ መሣሪያው መጡና፣ «ልጄ፣ ሆዴ ላይ ይመታኝ የነበረውን ምን አደረግኸው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ እኛን አየት አደረገና ቁልፉን እስከ ግማሽ መለሰላቸው።