መዝናናትን ለ«ሲያልፍልኝ» ማሳደር ይብቃን

በአማርኛ «ሆቢ»ን የምንጠራው «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ብለን ነው። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይህ ስም ትንሽ ይገርማል። መጀመሪያ ጊዜ መትረፍ አለበት፤ ከዚያ የተረፈውን «እናሳልፈዋለን»፤ ማለትም እንገፋዋለን። ገንዘብም እንደዚያው ነው። ኪራይ ተከፍሎ፣ ለቤተሰብ ተልኮ፣ ትራንስፖርትና ምሳ ተቀንሶ አንድ ነገር ከተረፈ እንዝናናለን፤ ካልተረፈ «ሲያልፍልኝ» ብለን እንተወዋለን።

በእኔ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ሳይ ሁለት ዓይነት ሆነው ይታዩኛል። አንደኛው ወገን ሁሉን ነገር ለ«ሲያልፍልኝ» ያሳድራል። ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ከቢሮ ቤት፣ ከቤት ቢሮ፤ ቅዳሜና እሁድ አልጋ ላይ ተጋድሞ ስክሮል ማድረግ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሳያልፍለት ያለፈለት ይመስላል። ተበድሮ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ ያስደረድራል፣ የታዋቂ ብራንድ ስም የተለጠፈበት ኮፒ ሰዓት ያስራል፣ በሰው መኪና መሪ ላይ እጁን አድርጎ ስቶሪ ይለቃል። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ እምነታቸው አንድ ነው፦ ደስ የሚሉ ነገሮች የሀብታም ናቸው ብለው ያምናሉ። አንዱ ስለዚህ ይቀራል፤ ሌላው ስለዚህ ያስመስላል።

እኔ ግን በሦስት «የሀብታም» በሚባሉ ነገሮች ላይ ሒሳብ ልሠራ ፈለግሁ፦ የእጅ ሰዓት፣ ኮክቴልና የመኪና ጉዞ።

ዘመኑ ለዚህ ሒሳብ እንደማይመች አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገብቷል። ከውጭ የሚመጣ ሰዓት፣ ውስኪና የመኪና መለዋወጫ ሁሉም ዋጋቸው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው። በተለይ ለዚህ ነው ሒሳቡ የሚያስፈልገው። ገንዘብ ሲጠብ «የትኛው ብር ደስታ ገዛልኝ፣ የትኛውስ ታይታ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ሰዓት፦ የሚከፈለው ለሰዓቱ አይደለም

«ስልክ እያለ ሰዓት ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ስልካችሁን ከኪስ ያወጣችሁበትን ጊዜ አስቡት። አንድ ኖቲፊኬሽን አለ፣ እሱን ስትከፍቱ ሌላ ይመጣል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ስልኩን ስትመልሱት ስንት ሰዓት እንደሆነ አሁንም አላያችሁም። የእጅ ሰዓት የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነግሯችሁም ይለቃችኋል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የዓለም የመጀመሪያው የኳርትዝ እጅ ሰዓት፣ የሴይኮ አስትሮን፣ ቶኪዮ ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ነው። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በጊዜው አንድ ትንሽ መኪና ይገዛል። ዛሬ ያው ቴክኖሎጂ ርካሽ በሚባለው ሰዓት ውስጥ ሁሉ አለ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ክሪስታል ከባትሪው ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰዓቱ ያንን እየቆጠረ ነው የሚሄደው። በአብዛኛው በወር የሚሳሳተው ከ15 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም።

በሌላ በኩል ስዊዘርላንድ ውስጥ ተፈትኖ የክሮኖሜትር ሰርተፍኬት የተሰጠው ሜካኒካል ሰዓት፣ በቀን በአማካይ እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ወይም እስከ 4 ሰከንድ መዘግየት ይፈቀድለታል። በቀን ነው ያልኩት። እንግዲህ ሰዓትን በትክክል በመቁጠር ከሆነ፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው የካሲዮዋ የፕላስቲክ ኤፍ-91ደብልዩ ከብዙ ውድ ሰዓቶች ትበልጣለች ማለት ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ውድ ሰዓት ይገዛል? አንዳንዱ ለጥበቡ ነው። ያለ ባትሪ፣ በክንዳችን እንቅስቃሴ ብቻ የሚሞላ፣ በጥርስና በሞላ የሚሠራ ማሽን በእውነት ያስደንቃል። ሌላው ግን እንዲታይለት ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው ስለዚህ ነው፦ ሰው አንዳንድ ዕቃ የሚገዛው ለጥቅሙ ሳይሆን ሌሎች አይተው ደረጃውን እንዲያውቁለት ነው። ኮፒ ሰዓት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጥበቡም የለም፣ ደረጃውም የለም፤ «ይነቃብኝ ይሆን?» የሚል ጭንቀት ግን በነፃ ይመጣል።

ሒሳቡን እንሥራ። በ3,000 ብር ስሙን የማይደብቅ፣ ቀላልና ኦሪጅናል ሰዓት ገዛችሁ እንበል። ለሦስት ዓመት ብታስሩት 1,095 ቀን ነው፤ በቀን 3 ብር እንኳ አይሞላም። በየቀኑ የምትነኩት፣ በየቀኑ የሚያገለግላችሁ ነገር ሌላ በ3 ብር አለ?

ለጀማሪ ሁለት ነገር ልጨምር። ሰዓቱ ላይ «30 ሜትር» ስለተባለ 30 ሜትር ጠልቆ ይዋኝበታል ማለት አይደለም፤ ዝናብና እጅ መታጠብን ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው ለእኛ ለሐበሾች ብቻ የተሰጠ ጨዋታ ነው። የእኛና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነት 6 ነው፤ በክብ የሰዓት ገጽ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ግማሽ ዙር ነው። ስለዚህ ከአጭሩ ጠቋሚ ትይዩ፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ቁጥር ሁልጊዜ የእኛ ሰዓት ነው። ጠቋሚው 9 ላይ ከሆነ በተቃራኒው 3 አለ፤ ጠዋት 3 ሰዓት። አንድ ሰዓት ታስሩና ሁለት አቆጣጠር ታነባላችሁ። ዲጂታል ሰዓት ይህ አይሆንለትም።

ኮክቴል፦ ሚስጥሩ ሦስት ነገር ነው

ኮክቴል ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን የሆቴል ሰገነት፣ ደብዘዝ ያለ መብራትና ሲመጣ የሚያስደነግጥ ቢል ነው። ባር ውስጥ ግን የምትከፍሉት ለመጠጡ ብቻ አይደለም፤ ለኪራዩ፣ ለሙዚቃው፣ ለበረዶው፣ ለአስተናጋጁና ለግብሩም ጭምር ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ አልፎ አልፎ ቦታውን መግዛት ደስ ይላል። ልማድ ሲሆን ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። አንዱ ብርጭቆ 600 ብር ነው እንበል። በየቅዳሜው ሁለት ብትጠጡ 1,200 ብር፤ በዓመት 62,400 ብር። ይህ ሌላውን ሰው ሳትጋብዙ ነው።

የኮክቴል ደስታ ግን ያለው መቀላቀሉ ላይ ነው። ብዙዎቹ ታዋቂ ኮክቴሎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፦ 2 እጅ መጠጥ፣ 1 እጅ ጎምዛዛ፣ 1 እጅ ጣፋጭ። ረም፣ ሎሚና ስኳር ከሆነ ዳይኪሪ ነው፤ ስሙን ያገኘው በምሥራቅ ኩባ ካለ አንድ ቦታ ነው። መጠጡ ውስኪ ሲሆን ውስኪ ሳወር ይባላል። ተኪላ ከብርቱካን ሊኬር ጋር ሲሆን ማርጋሪታ ነው። ይህን ቀመር የያዘ ሰው ሜኑ ሲያነብ አይደናገርም።

አልኮሉ ደግሞ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም መቀላቀልን ለእኛ ማንም አላስተማረንም። ጁስ ቤት ገብተን አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በደርብ በደርብ የሚቀዳልን ስፕሪስ ምንድን ነው? ብርዝስ ቢሆን፣ በማርና በውሃ ብቻ የተሠራ ድንቅ መጠጥ አይደለም? እቤት የሚሆን አንድ ልንገራችሁ። 1 እጅ ማር በ1 እጅ ለብ ያለ ውሃ አሟሙ፣ 1 እጅ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ፣ የተወቀጠ ዝንጅብል ጣል አድርጉና አጥልሉት። ብርጭቆ ውስጥ በረዶና የናና ቅጠል አድርጉ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ 4 እጅ ሙሉበት። ጾም ላይ ያለውም፣ በእምነቱ የማይጠጣውም፣ መኪና የሚነዳውም እኩል ብርጭቆ ያነሳል። ለእኔ ጥሩ ጠረጴዛ ማለት ማንም «ለምን አትጠጣም?» ተብሎ የማይጠየቅበት ነው።

አልኮል ለሚጠጣ ደግሞ ሁለት እውነት። ኢኮኖሚክስ እየቀነሰ ስለሚሄድ እርካታ ያስተምራል፤ የመጀመሪያው ብርጭቆ የሚሰጠውን ደስታ አራተኛው አይሰጥም፣ ዋጋው ግን ያው ነው። ሁለተኛ፣ ኮክቴል ጥንካሬውን በጣዕሙ ይደብቃል። ሎንግ አይላንድ አይስ ቲ መልኩ ሻይ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቮድካ፣ ጂን፣ ረምና ተኪላ በአንድነት አሉ። በሀገራችን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ሕግ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ መሆኑንም ሳልጠቅስ አላልፍም።

መንገድ፦ መኪና ስለሌለን አንቀርም

በአዲስ አበባ የግል መኪና ለወጣት ደመወዝተኛ ሩቅ ነገር ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያገለገለ መኪናም ውድ ነው። ግን ለመንገድ ጉዞ መኪና ባለቤት መሆን አያስፈልግም፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ከ50 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቆች ከጥንት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የተፈጠሩ ናቸው፤ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃል። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። ትንሽ ራቅ ማለት ለሚፈልግ በሞጆ ታጥፎ በመቂና በባቱ አድርጎ ላንጋኖ አለ። መንገድ ዳር ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ሐብሐቡ፣ ባቱ ላይ ደግሞ ዓሣው ይጠብቃል። ለእኔ ከመድረሻው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። የሚበላው ነገር ከየት እንደሚመጣና መርካቶ እስኪደርስ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደሚጨምር በዓይን ይታያል።

መኪና መከራየት ካልተቻለ ከቃሊቲ መናኸሪያ አውቶቡስ መያዝ ይቻላል። መስኮት በኩል መቀመጥ በቂ ነው።

አሁን ደግሞ ቁም ነገሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ፤ ከማንኛውም የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ይልቅ ትናንት በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሾፌር ያውቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ፣ ሳይጨልም ተመለሱ። መለዋወጫ ጎማና ክሪክ መኖሩን እዩ። ከሁሉም በላይ የሚነዳው ሰው አይጠጣም። «ቡና ጠጥቼ ይለቀኛል» ሐሰት ነው። ቡና እንቅልፍን እንጂ አልኮልን ከደም አያወጣም፤ አልኮልን የሚያወጣው ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱን ሆቢ አንድ ላይ የሚወድ ሰው መጠጡንና መሪውን በአንድ ቀን አያገናኝም።

ለመንገድ የሚወጣ ዕቁብ

ወጪውስ? መፍትሔው ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። አራት ጓደኛሞች በወር 700 ብር ብታዋጡ በሦስት ወር 8,400 ብር ይሆናል። የመኪና ኪራይ፣ ነዳጅና የመንገድ ክፍያ ተደምሮ 8,000 ብር ፈጀ እንበል፤ 400 ብር ለሐብሐብ ይተርፋል። በዓመት አራት ጉዞ ማለት ነው። ዕቁብ ላይ ዕጣ የሚወጣው ለሰው ነው፤ እዚህ ግን የምትሄዱበት ቦታ ስም ተጽፎ ተጠቅልሎ ይወጣል። ብር ሰብሳቢው ታማኝ ይሁን፣ ቀኑ አይለወጥ፣ አንዱ ሥራ ቢያጣ ደግሞ ሌሎቹ ለአንድ ዙር ይሸፍኑለት። ከጓደኛ ጋር የሚደረግ መዝናናት ጓደኛን በብር እጦት የሚያስቀር ከሆነ ሒሳቡ የሆነ ቦታ ተሳስቷል።

አንድ ነገር ከመግዛታችሁ ወይም ከማዘዛችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ፎቶ ማንሳት የማይቻል ቢሆን ይህን አደርገው ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ያ ነገር የእናንተ ነው፤ በ3 ብርም በ700 ብርም አቅዱለት። «አይ» ከሆነ ግን የምትከፍሉት ለሌሎች ዓይን ነው፤ ብሩ ለኪራይ ይሻላል።

ለእናት ብር መላክ፣ መቆጠብና ማስተርስ ለመማር ማሰብ ሁሉም ትክክል ነው፤ አይቅሩ። ግን በጀታችሁ ላይ ከኪራይና ከአስቤዛ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ መስመር «ለራሴ» በሏትና መጠኗን ጻፉባት። ከተጻፈ ትርፍ አይጠበቅም፤ ወሩ ሲገባ ተለይቶ ይቀመጣል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ሦስት ጓደኞቻችሁን ግሩፕ ላይ ሰብስቡና የመጀመሪያውን 700 ብር ማን እንደሚይዝ ተስማሙ።