«በምን ሞተ?»

ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር የተቀመጠ ሰው ጎኑ ያለውን በጆሮው ሳይጠይቅ አይነሣም፦ «በምን ሞተ?» መልሱ ካንሰር፣ የመኪና አደጋ ወይም ስኳር ከሆነ ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሟቹ ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ግን ቤተሰቡ ገና መርዶው ሳይበርድለት ለዚህች ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት አለበት። «ድንገት አመመው»፣ «ልቡ ነው»፣ «ተኝቶ በዚያው ቀረ»። ይቺው ቃል ለእድሩ ዳኛ ትነገራለች፣ ውጭ አገር ላለው ወንድም በስልክ ትደገማለች፣ የሟች ልጆችም እሷኑ ሰምተው ያድጋሉ። ክፋት የለባትም። ነውርን መሸሽ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት ስለማይፈቅድም የቀብሩ ነገር ያስፈራል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሊል የመጣው ሁሉ የሚያጽናናው ያልደረሰን ሐዘን ነው፤ የደረሰውን ሐዘን ቤተሰቡ ብቻውን ይዞት ይቀራል።

እንዲህ የሚቀሩት ጥቂት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተው እንደሚሞቱ ይገምታል፤ 73 በመቶው ሞት የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አንድ እንዲህ ያለ ሞት ስንት ሰው ይጎዳል ሲባል ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ «6» ብለው ይመልሱ ነበር። ቁጥሩ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የኤድዊን ሽናይድማን ግምት እንጂ ቆጠራ አልነበረም። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲዋ ጁሊ ሴሬልና ባልደረቦቿ በኋላ ጥናት አድርገው ሲያሰሉት ወሬው የሚነካቸው፣ ሟቹን በሕይወቱ የሚያውቁት ሰዎች 135 ያህል ሆነው ተገኙ። ሁሉም እኩል አያዝንም፤ እናትና የሥራ ባልደረባ አንድ አይደሉም። ቢሆንም 6 የሚለው ቁጥር ብዙ ሐዘንተኛ ከቁጥር አስወጥቶ ኖሯል።

ሽናይድማን በግምቱ ቢሳሳትም በዋናው ነገር ቀድሞ ያየ ሰው ነው። በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከኖርማን ፋርበሮውና ከሮበርት ሊትማን ጋር በሎስ አንጀለስ ራስን ማጥፋት የሚከላከል ማዕከል ካቋቋመ በኋላ፣ ለቀሩት ቤተሰቦች የሚደረግ እንክብካቤ ለሚቀጥለው ትውልድ መከላከያ ነው ይል ነበር። አባባሉ የደግነት ንግግር ብቻ አልነበረም። በ2016 የለንደኗ የሥነ አእምሮ ሐኪም አሌክሳንድራ ፒትማንና ባልደረቦቿ ከ18 እስከ 40 ዓመት የሆናቸው፣ የሚወዱትን ሰው በሞት የተነጠቁ 3,432 ሰዎችን መልስ መርምረው ነበር። ሟቹ ራሱን ያጠፋባቸው ሰዎች፣ ሟቹ በድንገተኛ ሕመም ከሞተባቸው ይልቅ እነሱም ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል በ65 በመቶ ይበልጥ ነበር። የሥጋ ዘመድ ሆኑ ጓደኛ፣ ውጤቱ ተመሳሳይ ስለሆነ «በዘር የሚወርድ ነገር ነው» ብሎ መዝጋት አይቻልም። የበለጠ ትኩረት የሚገባው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ ተመራማሪዎቹ ሐዘንተኞቹ የተሰማቸውን መገለልና ነውር በስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጎልቶ መታየቱን ተወ። ጥናቱ የአንድ ጊዜ መጠይቅ ስለሆነ መንስኤን አያረጋግጥም። ግን ድንኳኑ ሥር የሚወራው ሹክሹክታ ከጉዳቱ ጋር ሳይነካካ እንደማይቀር ይጠቁማል።

ከነውሩ ሌላ ይህን ሐዘን የተለየ የሚያደርገው የጥፋተኝነት ስሜት ነው። በሕመም ልጁን ያጣ አባት ዕጣውን ያማርራል። ልጁ ራሱን ያጠፋበት አባት ግን የፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ራሱን ይከስሳል፤ «ባለፈው እሑድ ምሳ ሳይበላ የተነሣው ለዚህ ነበር»፣ «ሰዓቱን ለታናሽ ወንድሙ ሲሰጥ እንዴት አልገባኝም?» እያለ ያለፉትን ወራት አንድ በአንድ ያገላብጣል። አእምሯችን እዚህ ላይ ያታልለናል። በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ወደ ቻይናና ወደ ሶቪየት ኅብረት ከመጓዛቸው በፊት ባሩክ ፊሽሆፍና ሩት ቤይት የተባሉ ተመራማሪዎች በእስራኤል ተማሪዎችን «ይህ ይሆናል? ያኛውስ?» እያሉ ግምታቸውን አስመዘገቡ። ጉዞው ካለፈ በኋላ ያኔ ምን ብለው እንደገመቱ እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሆነውን ነገር ቀድመው ያወቁት አድርገው አስታወሱ። በወረቀቱ ላይ የነበረው ግምታቸው ግን እንዲያ አይልም። አንድ ነገር ከሆነ በኋላ ወደዚያ ያደረሰው መንገድ ሁሉ ቀይ ቀለም የተቀባ ይመስላል። አባትየው እሑድ ምሳ ላይ ያየው ልጁ ምሳ አለመብላቱን ብቻ ነበር።

«ባለሙያ ቢሆን ያውቅ ነበር» የሚለው ቁጭትም መሠረት የለውም። በ2017 ጆሴፍ ፍራንክሊንና ባልደረቦቹ የ50 ዓመት ምርምር፣ 365 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመዝኑ፣ የታወቁት የአደጋ ምልክቶች ማን ራሱን እንደሚያጠፋ የመተንበይ አቅማቸው ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም የማይሻል ሆኖ አገኙት። ይህን ግኝት አንድ ሐኪም ለሐዘንተኛ እናት ቢነግራት ትሰማዋለች፤ አንገቷንም ትነቀንቃለች። ማታ ግን ክሱ ካቆመበት ይቀጥላል። ልጇን በዚያው መንገድ ያጣች፣ ያንኑ ክስ ለዓመታት ራሷ ላይ ስትመሠርት የኖረች ሌላ እናት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ስትላት ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። የአቻ ድጋፍ የሚባለው ይኸው ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ከተራ ትዝብት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ሆስፒታል ያገለግል የነበረ ሳይመን ስቲቨንስ የተባለ ወጣት ቄስ፣ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሁለት ቤተሰቦች እርስ በርስ የሚያጽናኑትን ያህል እሱ ሊያጽናናቸው እንዳልቻለ አየ። በ1969 ከእነሱ ጋር የመሠረተው የሐዘንተኛ ወላጆች ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች አለ። በዚያው ዘመን ቦስተን ውስጥ ፊሊስ ሲልቨርማን ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች አሠልጥና አዲስ ባል ወደሞተባቸው ትልክ ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ 162 ሴቶች የተሳተፉበት፣ በ1980 የታተመ ንጽጽር እንዳሳየው ይህን መሰል ድጋፍ ያገኙት ካላገኙት ፈጥነው ወደ ኑሯቸው ተመልሰዋል።

ፋርበሮው በ1981 በሎስ አንጀለስ ያስጀመረው ቡድን ራሳቸውን ላጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች ብቻ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ለ8 ሳምንት ይገናኛሉ፤ የሚመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ባለሙያ፣ ሌላው በዚሁ ሐዘን ያለፈ። ይህ ጥምረት እስካሁን በብዙ ቦታ ይሠራበታል። እንዲህ ባሉ ቡድኖች አንዳንድ ደንብ የማይጣስ ነው፤ የተሰማው ከክፍሉ አይወጣም፣ ማንም ማንንም አይመክርም፣ ሟቹ በምን መንገድ እንደሞተ በዝርዝር አይተረክም፤ ዝርዝሩ ሌላውን ሊያቆስል ይችላልና። የሚነገረው ሌላ ቦታ የማይነገረው ነው። ሟቹን መቆጣት፣ «ልጆቹን ጥሎብኝ ሄደ» ማለት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ታማሚ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች የሚሰማቸው እፎይታ። ይህን የመጨረሻውን ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚናገር ደፋር አላውቅም።

ችግሩ በጣም የተጎዳ ሰው ተነሥቶ ቡድን ፈልጎ አለመሄዱ ነው። የሉዊዚያናው ፍራንክ ካምቤል ይህን አይቶ በባተን ሩዥ ከተማ ነገሩን ገለበጠው። ሐዘኑን ያለፉበት ፈቃደኞች ከባለሙያ ጋር ሆነው ሞቱ እንደተሰማ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳሉ። ሴሬልና ካምቤል በ2008 እንዳሳተሙት በዚህ መንገድ የተደረሰላቸው ቤተሰቦች በአማካይ በ48 ቀን እርዳታ ፍለጋ መጡ፤ ማንም ያልሄደላቸው ግን 97 ቀን ፈጀባቸው። ይህን ሳነብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። ሐዘንተኛ ቤት ድረስ መሄድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለቅሶ መድረስ ነው። ሳንጠራ እንሄዳለን፣ ድንኳን እንጥላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ እድር ደብተር ይዞ የቀረውን ይቀጣል። የጎደለን ደራሽ ሳይሆን በዚያው ሐዘን ያለፈ ደራሽ ነው፤ እሱም የራሱን ሐዘን «ልቡ ነው» ብሎ ስለሸፈነ ማንም አያውቀውም። እድሮች ከዓመታት በፊት የኤችአይቪ ሕሙማንን መንከባከብ ለምደዋል። አንድ እድር በምሥጢር የሚታመን ሰው መርጦ፣ ፈቃደኛ የሆነን የቀድሞ ሐዘንተኛ ከአዲሱ ጋር ቢያገናኝ ድንኳን ከመግዛት የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም።

ስደት ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ከአረብ አገር የቤት ሠራተኛ ልጃቸው አስከሬን «ራሷን አጠፋች» ከሚል ወረቀት ጋር የሚላክላቸው ቤተሰቦች አሉ፤ እነሱ «ለምን?» ከማለታቸው በፊት «እውነት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ብዙ ጊዜም መልስ ሳያገኙ ይቀራሉ። እነዚህን እርስ በርስ ማገናኘት ሐዘንን ብቻ ሳይሆን ሰነድ ማፈላለግንም ይጨምራል።

ሳይንሱ እስከምን ያስተማምናል? የቡድን ተሳታፊዎች ራሳቸው ሲጠየቁ እንደጠቀማቸው ይናገራሉ። ንጽጽር ያለባቸው ጥናቶች ግን ጥቂት ናቸው፤ ካርል አንድሪሰንና ባልደረቦቹ በ2019 ሲያሰባስቡ 11 ብቻ አገኙ፣ ጥራታቸውም አብዛኛው ደካማ ነው። ከዚያ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ፍራንክ ሪስማን በ1965 የጻፈው ነገር ነው፤ ረጂው ራሱ በመርዳቱ ይድናል። ብዙ ቡድኖች መሪ የሚሆነው ሰው ከራሱ ሐዘን በኋላ ቢያንስ ጥቂት ዓመት እንዲቆይ የሚጠይቁት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ቁስሉ ያልጠገገ መሪ የሌላውን ሰው ሰዓት ለራሱ ያውለዋል።

አቻ ደግሞ ሐኪም አይደለም። ወራት አልፈው ሐዘኑ እንደ መጀመሪያው ሳምንት የሚያስርና ከሥራ፣ ከምግብ፣ ከሰው የሚለይ ከሆነ፣ ራሱን የቻለ ሕክምና አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምድብም ከ6 ወር በላይ የዘለቀ እንዲህ ያለ ሐዘንን በስም መዝግቦታል። «እኔም ልከተለው» የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው የቡድን ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ አጠገቡ ላለ ለሚያምነው ሰው በዚያው ቀን ይንገር፣ ብቻውን አይሁን፣ የሥነ አእምሮ ክፍል ወዳለው በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል አለ፤ በክልል ከተሞች ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም አብዛኞቹ ይህ ክፍል አላቸው። አብሮት የሚሄደው ሰው «ይህን እያሰብክ ነው?» ብሎ በግልጽ ቢጠይቀው ሐሳቡን አይከትበትም፤ በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች መጠየቅ አደጋውን ከፍ እንደማያደርገው አሳይተዋል።