ድንጋዩ ደወል

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ያደገ ልጅ፣ ደወል ሲባል በዐይነ ኅሊናው የሚመጣበት ብረት ነው፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ በገመድ የሚሳብ። የቤተ ክርስቲያኑን የሌሊት ጥሪ አሁን አሁን ድምፅ ማጉያ ስለወሰደው፣ ብረቱም ቢሆን የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው ከሁለቱም ርቆ የሚኖረውን የድንጋይ ደወል ነው።

የጣናን ገዳማት የጎበኘ ሰው ሳያየው አይቀርም። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ይህ ደወል አላቸው። ከእንጨት አግዳሚ ላይ በገመድ ወይም በጠፍር የተንጠለጠሉ፣ ርዝመታቸው የሚበላለጥ ሁለት ሦስት ድንጋዮች ናቸው። ብዙ ጎብኚ አንድ ፎቶ አንሥቶ ወደ ግድግዳው ሥዕሎች ያልፋል። ሥዕሎቹ መታየት ይገባቸዋል፤ ድንጋዩ ግን መሰማት አለበት። ደዋዩ ትንሽ ጠንካራ ጠጠር ይዞ ሲመታው፣ ከድንጋይ ይወጣል ተብሎ የማይጠበቅ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ከምቱ በኋላም አየሩ ላይ ጥቂት ይቆያል።

ሁሉም ድንጋይ እንዲህ አይጮህም። ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን የፈለፈለበት ቀይ ድንጋይ ለመጥረብ የተመቸ ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ግን ንዝረትን ውጦ ያስቀራል። ለደወል የሚሆነው ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዐይን የማያየው ስንጥቅ ቢኖርበት እንኳ ድምፁ ይታፈናል፤ ስለዚህ ድንጋዩን የሚመርጠው ጆሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ጥበብ አሰቃቀሉ ነው። ረጅም ድንጋይ ሲመታ መካከሉና ሁለቱ ጫፎቹ ይርገበገባሉ። ከእያንዳንዱ ጫፍ የርዝመቱን አንድ አምስተኛ ያህል ገባ ብሎ ያለው ቦታ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። ገመዱ እዚያ ላይ ሲያርፍ ድንጋዩ በነፃነት ይነዝራል፤ መካከሉ ቢጨበጥ ወይም መሬት ላይ ቢጋደም ያው ተራ ድንጋይ ነው። ርዝመቱም ድምፁን ይወስነዋል። ውፍረታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ድንጋዮች መካከል የሌላውን ግማሽ የሚያህለው 4 እጥፍ ፈጥኖ ይነዝራል፤ ድምፁም በዚያው መጠን ይቀጥናል። አጭርና ረጅሙ ጎን ለጎን የሚሰቀሉት ሁለት ዓይነት ድምፅ ለማግኘት ነው።

ይህን ደወል ብረት ያጣ ሰው የተጽናናበት አድርገው የሚናገሩ አሉ። አልስማማም። ለማነጻጸር ያህል፣ በአልፕስ ተራሮች አገር በስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ የሰዓቱ ማማ ትልቁን ደወል ያገኘው በ1405 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለው ደወል ከ5 እጅ 4ቱን ያህል መዳብ፣ ቀሪውን ቆርቆሮ አቅልጦ ወደ ቅርጽ የሚያፈስ ምድጃና ባለሙያ ይጠይቃል፤ ድምፁን የሚወስነውም የቅርጹ ልክ ነው። የጣናው ደዋይ ምድጃ የለውም፤ ተፈጥሮ አቅልጣ የጨረሰችውን ድንጋይ አዳምጦ ማግኘት፣ ልኩን አውቆ መስቀል ነበረበት። ይህ ዕውቀት እንጂ ችግር አይደለም።

ማማውም ቢሆን ወደ እኛ አገር መጥቷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ አክሱም ላይ ካሠሩት ከአዲሱ ጽዮን ማርያም ጎን ያለው የደወል ማማ የአክሱምን ሐውልት መልክ ይዞ ቆሟል፤ ባዕዱን ነገር የራስ ማድረግ ማለት እንዲህ ነው። የሚያሳዝነኝ አዲስ ደወል ሲመጣ ድንጋዩ ወርዶ ግንብ ሥር የሚጣል ከሆነ ነው። ገመዱ ሲበጠስ መልሶ የት እንደሚታሰር የሚያውቀው ሰው ሳያስተምር ካለፈ፣ ድንጋዩ ቢቀመጥም ድምፁ ይጠፋል። የእያንዳንዱን ደወል ርዝመት፣ የገመዱን ቦታና ድምፁን መዝግቦ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ሲደርሱ ድንጋዩን አንሥተው ለመሞከር አይቸኩሉ፤ ደወሉ ሰው መጥሪያ ነው፤ ያለ ሰዓቱ ሲመታ አጥቢያውን ያሳስታል። ጠባቂውን አባት ጠይቀው፣ የሚደወልበትን ሰዓት ይጠብቁ።