ማየር፦ ከሹመት የተወለደ የቤተሰብ ስም

ማየር በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም እጅግ ከሚዘወተሩት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው። የቤተሰብ ስም እንደ አባት ስም በየትውልዱ የሚለወጥ ሳይሆን ከቅድመ አያት እስከ ልጅ ልጅ እንዳለ የሚወርድ መጠሪያ ነው። ማየር ግን መጀመሪያ የሰው መጠሪያ አልነበረም፤ የሹመት ስም ነበር።

ሥሩ «ማዮር» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ፍችው «የሚበልጥ» ነው። በፍራንኮች ቤተ መንግሥት የንጉሡን ቤት የሚያስተዳድረው ሹም «ማዮር ዶሙስ»፣ ማለትም የቤቱ አለቃ፣ ይባል ነበር። ሹመቱ እየገነነ ሄዶ በ751 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፔፒን የተባለው የቤቱ አለቃ ንጉሡን አውርዶ ዘውዱን ራሱ ጫነ። በአማርኛ የተለመደው «ሜጀር ጄኔራል» ውስጥ ያለው «ሜጀር»ም ከዚሁ የላቲን ቃል የመጣ ነው።

የጀርመን ገበሬ የሚያውቀው ማየር ከፔፒን እጅግ ያነሰ ሰው ነው። ንጉሥ፣ መስፍን ወይም ገዳም በየአቅጣጫው የተበተነ ርስቱን እየዞረ ማየት ስለማይችል በየርስቱ አንድ ማየር ያስቀምጣል። ማየሩ ግብር ይሰበስባል፤ ገባሩን ለእርሻና ለአጨዳ ያሰማራል፤ በመንደሩ ችሎት ይቀመጣል። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ሰው «ምስለኔ» የሚል የሚቀራረብ ቃል አለው። ታላቁ ካርል፣ በፈረንሳይኛ ስሙ ሻርለማኝ፣ በ800 ገደማ ለርስቶቹ አስተዳደር ባወጣው ደንብ ስለ እነዚህ ሰዎች ለብቻው ደንግጓል። አንድ ማየር በአንድ ቀን ዞሮ ሊያየው ከሚችለው በላይ መሬት አይያዝ፤ ሲሾምም ከኃያላን ሳይሆን ታማኝ ከሆኑ መካከለኛ ሰዎች ይመረጥ ይላል። ኃያል ሰው ርስቱን ተክሎበት የራሱ እንዳያደርገው ንጉሡ የሰጋ ይመስላል፤ የፔፒን ልጅ ነውና ስጋቱ አይገርምም።

የቤተሰብ ስም በጀርመን ከተሞች መለመድ የጀመረው ከ12ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ ነው። ሕዝቡ ሲበዛ አንድ ዓይነት የክርስትና ስም ያላቸውን ሰዎች ለመለየት በሙያቸው፣ በሰፈራቸው፣ በአባታቸው ወይም በሹመታቸው መጥራት ግድ ሆነ። ማየር የሌለበት ርስት ስላልነበረ ስሙ በአንድ ቦታ ተወልዶ አልተሰራጨም፤ በብዙ መንደሮች ለየብቻ በቀለ። ስለዚህ ሁለት ማየሮች ሲገናኙ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በሰሜኑ ክፍል ደግሞ ማየር ማለት እያደር ትልቅ እርሻ ተከራይቶ የሚያርስ ገበሬ ማለት ሆነ። በቬስትፋሊያ ስሙ ከሰው ይልቅ ከእርሻው ጋር ይጣበቅ ስለነበር፣ እርሻው ላይ በጋብቻ የገባ ወንድ የራሱን ስም ትቶ የእርሻውን ይወስድ ነበር።

ማየሮች ሲበዙ መለያ ተጨመረላቸው። ኦበርማየር የላይኛው፣ ኒደርማየር የታችኛው፣ ባኽማየር የወንዙ ዳር፣ ዋልድማየር የጫካው ማየር ነው። የመጨረሻው ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ሚስዮናዊ ቴዎፊል ዋልድማየር ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሠሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር፤ ከባልደረቦቹም አንዱ ዮሐንስ ማየር ይባል ነበር።

ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ አንድ ይሁን እንጂ በላቲን ፊደል አጻጻፉ ብዙ ነው፤ አጻጻፉም አገሩን ይጠቁማል። ከ«ኤም» ቀጥሎ «ኢ»ንና «ዋይ»ን የሚያስከትለው በሰሜን ይበዛል፤ ወደ ደቡብ ሲወረድ «ኢ» በ«ኤ» ይተካል፤ በባቫሪያና በኦስትሪያ ደግሞ የመጨረሻዋን «ኢ» የሚጥል አጭር አጻጻፍ አለ። ሦስት የታወቁ ሊቃውንት ይህን ያሳያሉ። ንጥረ ነገሮችን በሰንጠረዥ ካደራጁት አንዱ የሆነው ኬሚስቱ ሎታር ማየር በሰሜን በፋረል ተወልዶ በሰሜኑ አጻጻፍ ይጻፋል። ኃይል እንደማይጠፋ በ1842 የጻፈው ሐኪሙ ሮበርት ማየር የደቡቡ የሃይልብሮን ሰው ነው፤ የሚጻፈውም በ«ኤ» ነው። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ኤርንስት ማየር ባቫሪያ ውስጥ በኬምፕተን ተወልዶ አጭሩን አጻጻፍ ይዟል። በድሮ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ ስሙን በተለያየ መንገድ ይጽፍ ነበር፤ አጻጻፉ የረጋው በ1876 በመላው ጀርመን የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተለየ ሁለተኛ ምንጭም አለ። «መኢር» በዕብራይስጥ «የሚያበራ» ማለት ሲሆን፣ ከ2ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ከረቢ መኢር ጀምሮ በአይሁድ ዘንድ የተወደደ የወንድ ስም ነው። የጀርመን አገር አይሁዶች የቤተሰብ ስም እንዲይዙ በሕግ ሲገደዱ፣ በኦስትሪያ ግዛቶች በ1787፣ በፕሩሲያ በ1812፣ ብዙዎች ይህንኑ ስም እንደ ጀርመኖቹ ማየር አድርገው አስመዘገቡ። እነዚህ ማየሮች ከርስቱ ሹም ጋር የሚያገናኛቸው ድምፁ ብቻ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ስሙ ከስደተኞች ጋር ባሕር ተሻገረ። በቺካጎ በ1883 የተከፈተው የኦስካር ማየር ሥጋ ቤት የአንድ ጀርመናዊ ስደተኛ ነበር። ሜትሮ ጎልድዊን ማየር በሚለው የፊልም ኩባንያ ስም ውስጥ ያለው ማየር ግን ከሩሲያ ግዛት የመጣ አይሁዳዊ ነው። ጎልዳ ማየርሰንም ከባሏ የወሰደችውን ይህን ስም በ1956 የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስትሆን አሳጥራ ወደ ዕብራይስጡ መለሰችው፤ በ1969 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ጎልዳ መኢር ተብላ ነው።