ቤቱ ወደ የትኛው ዘመን ይመለስ?

በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንትና በሰሴክስ ገጠር፣ ዕድሜያቸው ከ500 ዓመት የዘለለ የገበሬ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ሲታደሱ የሚነሳው ክርክር ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልበረደም፦ በየዘመኑ የተጨመረባቸው ተነቅሎ ወደ ጥንቱ ይመለሱ ወይስ እንዳሉ ይጠገኑ?

የቤቶቹን ክብደት የሚሸከመው ግድግዳው ሳይሆን የኦክ እንጨት ቋሚና አግዳሚ ነው። ኦክ ከደረቀ ስለሚጠነክር አናጢዎቹ እርጥቡን ይጠርቡት ነበር። የአንዱ እንጨት ጫፍ ተቀርጾ በሌላው ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ ይገባና በእንጨት ችንካር ይያዛል። የሁለቱ እንጨቶች የችንካር ቀዳዳዎች ሆን ተብሎ በጥቂቱ ስለሚዛነፉ፣ ችንካሩ ሲመታ መጋጠሚያውን ስቦ ያጠብቀዋል። ሁሉም መጀመሪያ መሬት ላይ ተገጣጥሞ ከተሞከረ በኋላ በየመጋጠሚያው የሮማውያን ቁጥር የሚመስል ጭረት ይደረግበታል፤ ከዚያ ተፈታቶ ቤቱ በሚሠራበት ቦታ ይቆማል። ጭረቶቹ በብዙ ቤቶች ዛሬም ይታያሉ። እንጨቱ ከቆመ በኋላ እየደረቀ ስለሚጣመም፣ የተንጋደደ ወለል ሁሉ ቤቱ ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በልምጭ ይጠለፍና ጭድና እበት በገባበት ጭቃ ይመረጋል፤ የእኛን አገር ጭቃ ቤት ሲሠራ ላየ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም።

መሃሉ እስከ ጣራው ክፍት የሆነ አዳራሽ ነበር። በአንዱ ጫፍ ማጀት፣ በሌላው የባለቤቶቹ እልፍኝ ይገኛል። ምድጃው አዳራሹ ወለል ላይ ይነድዳል፤ ጭስ ማውጫ ስላልነበረው ጭሱ በጣራው በኩል ይወጣል። በተለይ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጭስ ማውጫ ተሠራ፣ አዳራሹም ለሁለት ፎቅ ተከፈለ። ዛሬ ኮርኒስ ላይ ወጥቶ በባትሪ የሚፈትሽ ባለሙያ ወራጆቹ ላይ የድሮ ጥላሸት ካገኘ፣ ከሥሩ ያለው መኝታ ቤት የአዳራሹ አየር እንደነበር ያውቃል።

ክርክሩን ያጋጋሉት የ19ኛው መቶ ዘመን አዳሾች ናቸው። አብያተ ክርስቲያናትን ወደ ጥንቱ እንመልሳለን እያሉ የኋለኛውን ዘመን ሥራ ፍቀው ሲጥሉ፣ ዲዛይነሩ ዊልያም ሞሪስና አርክቴክቱ ፊሊፕ ዌብ በ1877 (እ.ኤ.አ.) ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ። አቋማቸው አጭር ነው፦ ጠግኑ እንጂ ጥንትን አትፍጠሩ። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት በ1896 የመጀመሪያ ሕንፃው አድርጎ በ10 ፓውንድ የገዛው የአልፍሪስተን ቤትም ከእነዚህ የአዳራሽ ቤቶች አንዱ ነው።

ለሞሪስና ለዌብ አቋም ከባዱ ፈተና ቤይሊፍ የተባለው የኬንት ገበሬ ቤት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢው ለውሃ ማጠራቀሚያ ሲፈለግ ቤቱ ተፈታ፤ በኋላም በዌስት ሰሴክስ በሚገኘው የዊልድና ዳውንላንድ ሙዚየም ተተከለ። የአዳራሹ ወገን የ15ኛው፣ አንደኛው ጫፍ ደግሞ የ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው። ሙዚየሙ ኋላ የተጨመሩትን ትቶ፣ ክፍት ምድጃ ያለውን የ1540 አካባቢ ኑሮ ለማሳየት መረጠ። ቤቱ ከቦታው ባይነሳ ይጠፋ ስለነበር ማንሳቱን አልነቅፍም። ምርጫውም ለጎብኚ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ዋጋው ግን በቤቱ ውስጥ ከዚያ በኋላ የኖሩት ትውልዶች አሻራ ነው። ሰው በሚኖርበት ቤት ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢደረግ ግን እቃወማለሁ።

እንግሊዛዊ ለሚባለው ጥቁርና ነጭ ቀለምም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በደቡብ ምሥራቁ ኦክ በአብዛኛው ሳይቀባ በራሱ ይሸብት ነበር፤ ጥቁሩን በስፋት ያስለመደው የቪክቶሪያ ዘመን ፋሽን ነው። ቀለም ግን ዓይንን ቢያሳስት ነው። ዋናው ጠላት የ20ኛው መቶ ዘመን የሲሚንቶ ልስን ነው፤ ጭቃና ኖራ እርጥበትን ስበው መልሰው ያስወጣሉ፣ ሲሚንቶ ግን በስንጥቁ የገባውን ውሃ ከእንጨቱ ጋር ዘግቶ ያስቀረዋል። ከውጭ ደህና በሚመስል ግድግዳ ውስጥ ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል። በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ላይ ጠባዩን የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ስለሆነ፣ ይህን ልስን ማንሳት የሚፈልግ ባለቤትም አስቀድሞ የአካባቢውን አስተዳደር መጠየቅ ይኖርበታል።