ፊደሉን ያውቃል፣ ማንበብ ግን አይችልም

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው፤ የ7ኛ ክፍል ተማሪ። አንድ ቅዳሜ እናቱ የሚገዛውን በወረቀት ጽፋ ወደ ሱፐርማርኬት ብትልከው ባዶ እጁን ተመለሰ። ዝግ ነው አላት። ማታ ልብሱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ወረቀቱን ተጨማዶ አገኘችው። ሱፐርማርኬቱ ክፍት ነበር። ልጁ ዝርዝሩን ማንበብ አቅቶት፣ ሰው መጠየቁንም አፍሮ ነው የተመለሰው።

ቤተሰቡን ግራ ያጋባው ፊደል ማወቁ ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይደናቀፍ ይወርደዋል። «ጌ»ን ነጥላችሁ ብታሳዩት ግን በልቡ ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። የያዘው ዜማውን ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንዲህ እየቆጠረ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋዋል።

ዓይኑና ጆሮው ተመረመሩ፤ ደህና ናቸው። ችግሩ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ እክል ሆኖ ተገኘ። ይህ ከአእምሮ ብስለት ማነስ ጋር አይገናኝም። «ሲያድግ ይተወዋል» ያልነው ሁሉ (እኔም አለሁበት) ዓመታት አባከንበት።

አሁን የልዩ ፍላጎት መምህርቱ በሳምንት አራት ቀን ለብቻው ያስተምሩታል። የጀመሩት ከጆሮ ነው፤ «ቤት» በምን ድምፅ ይጀምራል? በምን ያልቃል? ቀጥሎ ጥቂት ፊደላትን ብቻ ይዘው ቅርጻቸውን አስተዋሉ። ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ ጭረታቸው ከወገብ ነው፤ ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኪ ከእግር። ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ እግራቸው ላይ ቀለበት አላቸው። እንደ «ሩ» እና «ፉ» ያሉት አፈንጋጮች በኋላ ይመጣሉ። ሳድስ የራሱ ጣጣ አለው፤ «ትምህርት» የሚለው ቃል አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፣ እያንዳንዱን ለይቶ ለሚጠራ ልጅ ቃል አይሆንለትም። «ገና»ም ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ሌላ፤ ጽሑፉ አይነግራችሁም።

የ7ኛ ክፍል ተማሪ ትልቁ ፈተና ደግሞ ረጃጅም ቃላት ናቸው። መምህርቱ «አልተመለሰችም»ን እንደ ሽንኩርት ይልጡለታል፦ ፊት ያለውን «አል»፣ ኋላ ያሉትን «ች» እና «ም» ሲያነሳ መሃል ላይ የሚያውቀው «ተመለሰ» ይቀራል። ይህቺ ዘዴ ብቻዋን ከግማሽ ዓመት ጩኸታችን በልጣለች። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው የክፍል ጓደኞቹም በዚሁ መንገድ ይማራሉ፤ እርምጃው አጭር፣ ድግግሞሹ ብዙ ይሆናል።

የሚያነበው ምንድን ነው? ጢሙ ማቆጥቆጥ ለጀመረ ልጅ «በጉ ሳር በላ» የሚል የሕፃናት መጽሐፍ መስጠት ውርደት ነው። መምህርቱ የእግር ኳስ ዜና በአጭሩ እየጻፉ ይሰጡታል፤ ያንኑ አንቀጽ ሦስት አራት ጊዜ ይደግመዋል። በአራተኛው ላይ ድምፁ የንግግር ዓይነት ይሆናል።

ቤት ውስጥ እህቴ ከእራት በፊት 15 ደቂቃ አብራው ትቀመጣለች። ቃል ሲይዘው ጥቂት ትጠብቃለች፣ ካልሆነ ትነግረዋለችና ይቀጥላል። የአክስቱ ልጆች ባሉበት ድንገት አንብብ አይባልም። የሳይንስና የታሪክ ትምህርቱን ታነብለታለች፤ አያቱ «አሰነፍሽው» ይሏታል። እኔ ከእህቴ ጋር ነኝ፤ ንባቡ እስኪደርስ እውቀቱ ለምን ይቁም? ትምህርት ቤቱም ለልጁ የተዘጋጀ የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲያሳያት ጠይቃ፣ በየወሩ ስለ እሱ ትነጋገራለች።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አገኘች። «እማ ሚዳ ነኝ ምሳዬን አስቀምጪልኝ» ይላል። «ሜዳ» ለማለት ነው። ምሳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀው።